ለአባቴ የሠራሁት የመብራት ማዞሪያ

አባቴ የዜማ መምህር ናቸው። ዓይናቸው መድከም ሲጀምር ደማቅ መብራት ያማቸው፣ ሲደበዝዝ ደግሞ ፊደሉ ይጠፋባቸው ጀመር። ሐኪሙ የዓይናቸው ግፊት ከፍ ማለቱን ነግሮን ጠብታ አዘዘ። ጠብታው ደብረ ታቦር አልተገኘም፤ የባሕር ዳር መንገድም ተዘግቶ ነበር። እኔ የተማርኩት ኤሌክትሪክ ነው፤ በእጄ ያለው ብርሃኑን ማስተካከል ብቻ ሆነ።

መጀመሪያ በስልክ የሚታዘዝ መብራት ሠራሁላቸው። የስልኩን መስታወት በጣታቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና መለሱልኝ።

«ልጄ፣ መንካት አለመንካቴን በምን አውቃለሁ? እጄ የሚያውቀው ነገር ሥሪልኝ።»

ከወይራ እንጨት ማዞሪያ አስጠረብኩ። ከአሮጌ ብስክሌት ኩሽኔታ ትንሽ የብረት ኳስ፣ ከእስክሪብቶ ደግሞ ሞላ አውጥቼ ከሥሩ ገጠምኩ፤ ሲዞር በየደረጃው ቀጭ እያለ እንዲይዝ። መጀመሪያ ላላ። ሞላውን ስቀይረው ጠበቀና እጃቸውን አደከመ። ጠዋት ጠዋት መድኃኒት ቤቶቹን አዳርሼ ባዶ እጄን እመለሳለሁ፤ ከዚያ እንደገና እሱኑ መፍታት፣ እሱኑ መግጠም። የአባቴ ዓይን ግን አልጠበቀኝም። አንድ ቀን ድጓውን ዘቅዝቀው ይዘው አየኋቸውና ከአጥሩ ጥግ ሄጄ አለቀስኩ።

ማዞሪያው ያለቀው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። መስኮቱን ዘግቼ አስያዝኳቸው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ፊታቸው ፈካ።

«አሁን ገና ሠራሽ!» አሉኝ። እስከ መጨረሻው አዞሩት። ክፍሉ ቦግ ብሎ በራ።

«መቼ ነው የሚበራው?» አሉ።

«መብራት ጠፍቷል፣ አባዬ» አልኳቸው።

ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው አዘነበሉ። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤታችን የኤሌክትሪክ ወፍጮ ይጮኻል።

«ወፍጮው እኮ እየፈጨ ነው» አሉ በቀስታ።

ደግመው አልጠየቁኝም። እጃቸውን ከማዞሪያው ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

መንገዱ ሲከፈት ባሕር ዳር ወሰድኳቸው። እዚያ ያለችው ሐኪም መርምራ፣ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ ነገረችን። ዛሬ ተማሪዎቻቸውን በቃላቸው ያስተምራሉ። ሰዎች «እንኳንም ሁሉንም በልባቸው ያዙት» ሲሉኝ ፊቴን አዞራለሁ። እነዚያን ሳምንታት ከእንጨትና ከሞላ ጋር ከምታገል፣ በእግሬም ቢሆን አንበሳሜ ከተማ ወርጄ፣ ከዚያም አልፌ ጠብታውን ፈልጌ ቢሆን ኖሮስ? ይህን ማንንም ጠይቄ አላውቅም። አባቴንም ጭምር።