ሲላስ ያልገባበት የእንሰት ማሳ

ከሲላስ ጋር በአንድ ግድግዳ እንዋሰናለን። ሆሳዕና ጎፈር ሜዳ፣ የባጃጅ መቆሚያው ፊት ለፊት፣ እሱ የቤት ፕላን ይነድፋል፤ እኔ በትልቁ ወረቀት አትምለታለሁ። ሥራውን ከእሱ ቀጥላ የምታየው እኔ፣ አዜብ፣ ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁን ነገር ሳወራ ራሴን ከጥፋቱ ላወጣ አልችልም።

ይሉኝታ የሚባለው ነገር እንደ ሲላስ የተጫነበት ሰው አላውቅም። ሰው ቤት ሦስት ጊዜ ካልተለመነ አይቀመጥም፣ የቀረበለትንም አይጨርስም። ኮምፒውተሩ ፊት ሲሆን ግን ሌላ ሰው ነው። ሌሎቹ ነዳፊዎች መሬትን በጥቂት መስመር ሲያሳዩ እሱ ሜሽ ይሠራል። የለካቸውን ነጥቦች እርስ በርስ ያያይዝና መሬቱ በትናንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ፊቶች የተሸፈነ መረብ ይሆናል። አንዱን ነጥብ በማውዙ ይዞ ሲጎትተው ጉብታ ይወጣል፣ ሲገፋው ይጎደጉዳል። ሸካራ መስሎ ከታየው ደግሞ ማለስለሻውን አንድ ሁለት ጊዜ ይነካዋል። «እግዜር በስድስት ቀን የሠራውን አንተ በአንድ ከሰዓት ታሻሽለዋለህ» እያልኩ አበሽቀው ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት ሀምዛ የሚባል የጃጁራ ልጅ ከደቡብ አፍሪካ ደወለለት። እዚያ ሱቅ አለው። እናቱ ወይዘሮ ዘምዘም ብቻቸውን የሚኖሩት ጃጁራ፣ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው፤ ለእሳቸው ቪላ ሊሠራ ፈለገ። አባቱ ቤት ሳይሠራላቸው ስለሞቱ፣ እናቱ ደህና ቤት ገብተው ሳያያቸው እንዳይሞቱ መፍራቱን ለሲላስ በግልጽ ነግሮታል። ቶሎ እንዲሆንለት ለመነው።

ሲላስ መለኪያውን ተሸክሞ ጃጁራ ወረደ። ግቢውን ነጥብ በነጥብ ለካ። ከአሮጌው ቤት ጀርባ ግን ጥቅጥቅ ያለ የእንሰት ማሳ ነበር፤ ወይዘሮ ዘምዘም ደግሞ ለቅሶ ሄደዋል። በእኛ አገር እንሰት የሴት ነው። የምትተክለው፣ የምትፍቀው፣ የትኛው ተቆርጦ የትኛው እንደሚቆይ የምታውቀው እሷ ናት፤ ባለቤቷ በሌለችበት ባዳ ወንድ ገብቶ ቅጠል እየገፋ ቢዞር ነውር ነው። ሲላስም አልገባም። ዙሪያውን ለክቶ ተመለሰ።

ማሳው መረቡ ላይ ቀዳዳ ሆኖ ቀረ። በማግስቱ ተመልሶ «ይፍቀዱልኝ» ቢላቸው ነገሩ ያልቅ ነበር። ሀምዛ ግን ጠዋት ማታ ይደውላል። ፕሮግራሙ ቀዳዳ የሚዘጋበት ትእዛዝ አለው፤ ከዳር እስከ ዳር ፊቶቹን ዘርግቶ ደፈነለት። መገጣጠሚያው እንዳያስታውቅ አለሰለሰው፤ ከዚያ ግቢው ሁሉ እንደ ጠረጴዛ የተደላደለ ሆነ። ቪላውን እዚያው፣ እንሰቱ ያለበት ቦታ ላይ አስቀመጠው። ጠርቶ አሳየኝ። ቀዳዳውን እንደደፈነው ነግሮኛል፤ እኔም «ሲያምር» ብዬ አተምኩለት።

እንሰቱ በተነቀለ ሳምንት ግንበኛው ወንዳፈረው ደወለ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

«ሲላስ፣ ይሄ መሬት ፕላኑ ላይ እንዳለው አይደለም። መሃሉ ጎድጓዳ ነው፣ ከታችም ይረጥባል። መጥተህ እየው።»

ለሲላስ ሄዶ ማየት ማለት አልለካሁም ብሎ ማመን ነው።

«በገረጋንቲ ሙላውና ጠቅጥቀው» አለው። «ፕላኑ ልክ ነው።»

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ያን ቀን ነበር። አንድ ሚኒባስ መሳፈር ብቻ ነው የቀረው። እኔም «ሂድ እንጂ» አላልኩትም፤ ወረቀት እቆርጥ ነበር።

ቤቱ አለቀ፤ አሮጌው ፈረሰ፤ ወይዘሮ ዘምዘምም ገቡበት። የመጀመሪያው ክረምት አልፎ ሁለተኛው ሲገባ መኝታ ቤቱ ተሰነጠቀ፣ ወለሉም ወደ አንድ ጎን ሰመጠ። ወንዳፈረው ሲነግረው ሲላስ ሮጦ ሄደ። የዛን ለታ የሆነውን የነገረኝ ራሱ ነው።

ወይዘሮ ዘምዘም አልተቆጡም። በሀዲይኛ ነው ያወሩት።

«ከላይ ያለው ጎርፍ በዚያ ነው የሚያልፈው። እንሰቱን የተከልኩት እንዲይዝልኝ ነበር። ለምን አልጠየቅከኝም?»

«እማማ፣ እርስዎ ስላልነበሩ ገብቼ ማየት አፍሬ ነው።»

«በማግስቱ ነበርኩ» አሉት።

ካሳ ይጠይቁኛል ብሎ ሲጠብቅ ሌላ ነገር ለመኑት። ሀምዛ የቤቱን ፎቶ ላኩልኝ እያለ ነው። ስንጥቁን ካየ ሱቁን ጥሎ ይመጣል፣ ወይም እዚያ ሆኖ በሐሳብ ይታመማል። «በኮምፒውተር የሠራኸውን ላክለት፤ እሱ ስንጥቅ የለውም» አሉት።

ሲላስ አሁንም እንቢ ማለት አፈረ። ሜሹን ከፍቶ ግድግዳውን አሳመረ፣ ጥላ ጨመረበት፣ ከጎኑ እንሰት ተከለበት። ፎቶ እስኪመስል ድረስ ሁለት ቀን ለፋበት። ስልኩ ላይ አሳየኝ፤ ውሸት መሆኑን እያወቅኩ «ላከው» አልኩት። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሀምዛ ባለፈው ጥር መለሰ። ድምፁን ቀድቶ ነው የላከው፤ ደስታው ከድምፁ ያስታውቃል። ሊያገባ ነው፤ ሙሽራዋን ይዞ እናቱ ጋ ይገባል። ቤቱ ጥሩ እንደቆመ ከፎቶው ስላየ፣ ከላይ አንድ ፎቅ እንዲጨምርበት ሲላስን ጠየቀው። እናቱ ምድር ቤት ይሆናሉ፣ እነሱ ከላያቸው።

ሲላስ ያን ቀን ምሳ አልበላም። መልእክት ይጽፋል፣ ያጠፋል። መጨረሻ ላይ እኔ ሱቅ ገባ፤ ብቻውን አልሆንለት ስላለ በሩን ዘግተን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ደወለ። ማሳው ውስጥ አለመግባቱን፣ ቀዳዳውን መድፈኑን፣ ወንዳፈረው ጠርቶት መቅረቱን፣ የፎቶውን ነገር፣ ሁሉንም ነገረው። እኔ አለቀስኩ።

ሀምዛ ይሰድበዋል ብለን ጠበቅን። ከጀርባ የሱቁ ደንበኛ ሲጠራው ይሰማል፤ አልመለሰለትም።

«እናቴ» አለ፣ «አሁን የት ነው የምትተኛው?»

ሲላስ እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ማድቤት» አለው። «ካለፈው ክረምት ጀምሮ።»