በሪሁን የሞረዳቸው ማርትሬዛዎች

በሪሁን ሰበታ ውስጥ ብር ሲያነጥር ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ጠገራ ብር ስጡት፤ ድንጋይ ላይ አቃጭሎ ብቻ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ይለይላችኋል። አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ግራ እንዳጋባው ነው። አንዳንድ ማርትሬዛ ጠገራ ላይ፣ በብሩ ላይ ከተቀረጸችው ንግሥት ትከሻ አጠገብ፣ የሽንብራ ፍሬ የምታክል ምልክት ተመትታ ትገኛለች። አንዷ ክብ ናት፤ አንዷ ጨረቃ ትመስላለች፤ አንዷ ደግሞ ምን እንደምትመስል የመታት ይወቅ!

ማን መታት? ለምን? ጎረቤቱን ጨርቅ ነጋዴውን አብዱልከሪምን ጠየቀ። አብዱልከሪም መነጽሩን አድርጎ አገላበጠና «ኦቦ በሪሁን፣ ይሄ ዐረብኛ አይደለም» አለው። የደብሩን መሪጌታ ጠየቀ፤ «ግዕዝም አይደል» አሉት። አንዱ የቀረጥ ምልክት ነው ይላል፤ ሌላው ድግምት ነው ብሎ ብሩን ወርውሮለት ወጣ። ኧረ የሰው ወሬ! የገዢው ነገር ደግሞ ይብሳል፤ ምልክቷን ያየ ሁሉ «ፎርጅድ ነው» እያለ ይመልስለታል።

አባቱም እንዲሁ ያደርጉ ነበርና በሪሁን ጎድጓዳዋን ምልክት በብር ብየዳ እየሞላ ሞረዳት። የመጣለትን ሁሉ ሞረደ። ታዲያ ምኑ ተሸጦ! የተሞረደው ቦታ እንደ ጠባሳ ፈዞ ስለሚታይ አሁንም የሚገዛው ጠፋ። ማቅለጡ ደግሞ አሳዘነው። የሞረዳቸው ሃምሳ ሦስት ብሮች በሙሉ በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ቀሩ።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ነጠላ ያጣፉ አሮጊት ከሱሉልታ ሦስት ሚኒባስ ቀያይረው ሱቁ ድረስ መጡ። የወይንሐረግ ይባላሉ።

«አወቅኸኝ፣ ልጄ?»

«ይቅርታ እማማ፣ አላወቅሁዎትም።»

«የዛሬ ስድስት ዓመት የእናቴን ድሪ ሸጬልህ ነበር። ዘጠኝ ማርትሬዛ ያለበት።»

ትዝ አለው። ዘጠኙም ጨረቃ ነበረባቸው።

«ለመድኃኒቷ ብዬ ነው፤ ሳልነግራት» አሉ አሮጊቷ። «ዐይኗ ከጠፋ በኋላ ያቺን ጨረቃ በአውራ ጣቷ እየዳበሰች ነበር የምትጸልየው። አምና እስክትሞት ድረስ ባዶ አንገቷን ስትዳብስ ኖረች። ‹ማን ወሰደብኝ?› ስትለኝ ዝም አልኳት። ዘጠኙንም አልልህም፤ አንዷን ብቻ መልስልኝ። እኔም እየዳበስኩ ይቅር በዪኝ ልበላት።»

በሪሁን ክው አለ። ጣሳውን አወረደ። ብሮቹን ጨርቅ ላይ ደረደረላቸው። አሮጊቷ አንድ በአንድ እያነሱ ዳበሱ። የመጀመሪያው ለስላሳ ነው። ሁለተኛውም ለስላሳ። ሃምሳ ሦስቱንም ጨረሱ።

«የታለች ጨረቃዋ?»

«እኔው ሞረድኳት፣ እማማ። ሰው አልገዛ ሲለኝ።»

«ለምን እንደተመታች ሳታውቅ?»

«ሳላውቅ። አሁንም አላውቅም።»

የያዟትን ብር መልሰው ጨርቁ ላይ አኖሩ። ቢሰድቡት በወደደ! የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋውና መዶሻና መሮውን አነሳ። «ልምታልዎት? ልክ እንደዚያችው አድርጌ...»

«እናቴን ፎርጅድ ልትሠራልኝ ነው?»

መሮውን አስቀመጠ። ፊቱ ቀላ። አንዷን አንስቶ ይቺ ናት እንዳይል፣ የትኞቹ ዘጠኙ እንደሆኑ እሱ ራሱም አያውቅም፤ ከሌሎቹ ጋር ደባልቆ አንድ ያደረጋቸው የገዛ እጁ ነው።

«የእሷ ግን እዚህ ውስጥ አሉ?» አሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አሉ። አንዲትም አልወጣች። የትኞቹ እንደሆኑ ነው እንጂ...»

«እንግዲያው ሁሉንም አምጣቸው።»

ነጠላቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉ። በሪሁን ጨርቁን ከነብሩ አንስቶ ዘረገፈላቸው። አሮጊቷ ሁለት እጃቸውን ብሩ ውስጥ ከተው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ» አሉ። «የወሰድኩብሽ እኔ ነኝ።»