የበርበሬው ቀይ ካርድ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2015 ነው፣ ሳዑዲ፣ ደማም እያለሁ። ለምን እንደማልረሳው ልንገራችሁ? አንድ መጋዘን ሙሉ ሠራተኛ ኹሩጅ የሚሉት የመውጫ ቪዛ ተመትቶበት ወደ አገሩ ከመሸኘት ያዳንኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራ አለው።

እኔና ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው፤ ያለ ጸብ። ከኮምቦልቻ ተነስቼ ደማም ስገባ የጽዳት ዕቃ የሚያከፋፍል መጋዘን ውስጥ ተቀጠርኩ። ሳሙና፣ ጓንት፣ ሶፍት፣ በረኪና፤ ካርቶን ማውረድ፣ ካርቶን መጫን። ካርቶን ተሸክሜ ሳልፍ ሰው ሥራውን ትቶ ነበር የሚያየኝ።

የምንኖረው አል አዳማ የሚባል የደማም ሰፈር ነው፤ ስድስት የወሎ ልጆች በሁለት ክፍል። ታላቃችን ጋሽ ሰይድ ነበር። እሱም እዚያው መጋዘን ነው የሚሠራው፤ ቤት ደግሞ ወጥ ሠሪያችን ነው።

የመጋዘኑ በሽታ አንድ ነው፤ ዕቃ ያልቃል፣ ማለቁን የምናውቀው ግን ካለቀ በኋላ ነው። ጎረቤት ከተማ ኸበር ያለ አንድ ትልቅ ሆቴል ጓንት ሲጠይቅ መደርደሪያው ባዶ። ዑስማን የሚባል ሱዳናዊ አለቃ ነበረን፤ ጭንቅላቱን ይዞ "ሙሽኪላ! ሙሽኪላ!" እያለ ይዞራል፤ ችግር ነው ማለቱ ነው። በመጨረሻ ሆቴሉ መረረውና "ሰው ልከን አሠራራችሁን እናያለን፤ ካልተስተካከለ ከሌላ እንገዛለን" አለ። አሠሪያችን ካፊሉም ሰማና "ሆቴሉ ከሄደ እዘጋዋለሁ፤ ሁላችሁም ኹሩጅ ናችሁ" አለን።

ያን ቀን ጋሽ ሰይድ እራት አልበላም። ልጁ ደሴ ነርስነት ትማራለች፤ ለመጨረስ ትንሽ ነው የቀራት። የሚያስተምራት የሱ ደሞዝ ነው።

ዑስማን ስልጠና ገባና የጃፓኖች ዘዴ ነው ብሎ ቀያይ ካርድ ይዞ መጣ። ነገሩ ቀላል ነው። በየዕቃው መሃል አንድ ካርድ ይገባል። ከፊት ከፊት እያነሳህ ካርዱ ጋ ስትደርስ ካርዱን ይዘህ ወደ ግዢ ክፍል ትሮጣለህ፣ እነሱ ያዛሉ። አዲሱ እስኪመጣ ከካርዱ ኋላ ያለውን ትጠቀማለህ።

"ጓንቱ ምን ጥፋት ሠርቶ ነው ቀይ የሚያየው?" ብዬ ሁሉንም አሳቅኋቸው። ዑስማን ብቻ አልሳቀም።

ማታ ቤት ስንገባ በርበሬ የለም። የኛ በርበሬ የሚመጣው ከደሴ ነው፤ የጋሽ ሰይድ ሚስት ታዘጋጃለች፣ አዲስ አበባ ትልካለች፣ ከዚያ ወደ ደማም የሚመጣ መንገደኛ ይፈለጋል። እኛ ደግሞ የምንደውልላት ጣሳው ሲያልቅ ነው። መንገደኛ እስኪገኝ በአልጫ እንደ በሽተኛ እንከርማለን።

ባዶውን ጣሳ ሳይ በራልኝ። "ጋሽ ሰይድ፣ እኛም'ኮ መጋዘን ነን!" አልኩት።

"አንተ ነህ መጋዘን" አለኝ፣ "የሚገባብህ እንጂ የሚወጣልህ የለም።"

አዲሱ በርበሬ ሲመጣ ከሥራ አንድ ካርድ ለምኜ አመጣሁ፣ በላስቲክ ጠቀለልኩና ጣሳው ውስጥ ልከት ነው ስል ጭቅጭቅ ተነሳ። የት ቦታ ላይ? ስድስት ሰው መንገደኛ እስኪደርስ የሚበላውን በማንኪያ ገመትን፣ ከዚያ በላይ ካርዱን አስቀመጥን። ጋሽ ሰይድ ማንኪያውን እንደገና አነሳና "የእንግዳም ጨምር" አለ፤ ካርዱ ትንሽ ከፍ አለ። ካርዱ ሲወጣ ደዋዩ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አልጫ የምንበላው አምሮን ብቻ ሆነ።

የሆቴሉ ሰው የመጣ ዕለት ጠዋት ይቺ ካርድ ከጣሳው ወጥታ ነበር። በእረፍት ሰዓት እደውላለሁ ብዬ ኪሴ ከተትኳት።

ሰውየው ወጣት ሳዑዲ ነው፣ ልብሱ በረዶ የመሰለ። ዑስማን ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት በእጁ ከለከለው፤ ከጓንቱ መሃል ብቅ ያለውን ቀይ ካርድ አየና ወደኔ ጠቆመ።

"አንተ። ይሄ ካርድ ሥራው ምንድነው?"

ዑስማን መልሱን በዓረብኛ አስጠንቶን ነበር። ከሁሉም የሸመደድኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ግን ሁሉም በነነ። ካርድ አሳይቼ ልገላገል ብዬ እጄን ኪሴ ከተትኩና አውጥቼ ሰጠሁት። የበርበሬዋን!

ተቀበለኝ። ወደ ፊቱ አስጠጋት። አስነጠሰው። ደገመ። ዑስማን አመድ መሰለ፤ ጋሽ ሰይድ ከኋላዬ "ያ ረቢ፣ ይሄ ልጅ ጨረሰን" ሲል ሰማሁት።

ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? በዚያች በተሰባበረች ዓረብኛዬ እውነቱን ተናገርኩ። በርበሬ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ካለቀ በኋላ ብደውል ማፊ፣ የለም፤ ካርዷ ስትወጣ ብደውል ግን ጣሳው ሳይራቆት ይደርሳል። ጓንቱም እንደዚሁ ነው አልኩት።

"ካርዱ የት እንደሚቀመጥ በምን አወቃችሁ?" አለኝ ዓይኑን እየጠረገ።

"መንገደኛው እስኪመጣ ስድስት ሰው የሚበላው። ከዚያ ደግሞ የእንግዳ።"

"እንግዳ ባይመጣስ?"

"እኛ ቤት? እንግዳ የማይመጣበት ቀን ማፊ!"

ሳቀ፣ ሲስቅ እንደገና አስነጠሰው። ከዚያ በየመደርደሪያው እየዞረ ካርዶቹን አየ፣ ወደ ዑስማን ዞሮም "እነዚህ ገብቷቸዋል። ኸላስ፣ እንቀጥላለን" አለው። ዑስማን ግንባሬን ሳመኝ። ጋሽ ሰይድ ደግሞ ቤት ስንገባ የመጀመሪያውን ጉርሻ አጎረሰኝ፣ እሱም ያን ማታ ጥግብ አድርጎ በላ። ልጁም ተመረቀች። ፎቶዋን ግድግዳችን ላይ ለጠፍነው።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ እየከበደ መጣ። የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የኢቃማው ወጪም ጨመረ፣ ሥራውም ቀዘቀዘ፣ የቤታችን ልጆች አንድ በአንድ ወደ አገር ገቡ። አንድ ሰው በተሸኘ ቁጥር ጋሽ ሰይድ ጣሳውን ከፍቶ ካርዷን ትንሽ ዝቅ ያደርጋታል። ከዚያ ክዳኑን ይገጥማል። የሱም ቀን ደረሰ። አውሮፕላን ጣቢያ ሸኝቼው ስመለስ ማንኪያ ይዤ ጣሳው ፊት ቆምኩ። የሱን ድርሻ ያህል ዝቅ ማድረግ አቃተኝ። እንዳለች ተውኳት። እስከ 2019፣ እኔም እስክወጣ ድረስ፣ እዚያው ነበረች።

አሁን ኮምቦልቻ ነኝ፣ አግብቻለሁ። ካርዷም አለች፤ ቀይነቷ ከካርዱ ይሁን ከበርበሬው አይለይም። የማስቀምጣት ድሮ ስድስት ሆነን ስንኖር በነበረችበት ከፍታ ላይ ነው። ሚስቴ ጣሳውን በከፈተች ቁጥር "ኧረ ለሁለት ሰው ይሄ ሁሉ ምን ይሠራል?" ትለኛለች።

"የእንግዳ ነው" እላታለሁ።