ደወሉን ያሳረፈው ማስታወቂያ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰልማ ከትምህርት ቤት የተሰጣትን የድሮ የአሜሪካ ልብ ወለድ ይዛ ወጥ ቤት ተቀምጣ ታነብ ነበር። እኔ ከጎኗ ምስር እለቅማለሁ። ድንገት ከት ብላ ሳቀችና ወዲያው ያንኑ ገጽ መልሳ አነበበች።

"ዳድ፣ ይሄ ፈኒ ነው ወይስ ሳድ?"

"ያስቅማል፣ ያሳዝናልም" አልኳት። "እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ ነበር።"

ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ለማንም አውርቼው አላውቅም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በአሜሪካዋ ዴንቨር አጠገብ፣ ከሃቫና ስትሪት ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እኖራለሁ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ኮሌጅ እማራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ዴንቨር ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። ጠዋት ጠዋት በኮልፋክስ ጎዳና የሚያልፈውን አውቶቡስ ስጠብቅ ከሱቅ የገዛሁት የምስር ሳምቡሳ በናፕኪን ተጠቅልሎ ኪሴ ውስጥ ጎኔን ያሞቀኛል። መኸር ነበር። ቅጠሉ ረግፎ ሣሩ ቡናማ ሆኗል፤ ነፋሱም ከተራሮቹ በኩል የበረዶ ሽታ ይዞ መምጣት ጀምሯል።

የሥነ ጽሑፍ መምህራችን ፓርክ ሂል የሚባል ሰፈር የሚኖሩ፣ በብስክሌት የሚመላለሱ ሽበታም ሴት ነበሩ። አንድ ቀን እንዲህ አሉን፦ "የድሮዎቹ ጸሐፊዎቻችን አገራቸውን ሊወቅሱ ሲፈልጉ ሁልጊዜ አልጮኹም። በአዘቦት ቀን ባሪያ ሲሸጥ ሰንብቶ እሁድ ስለ ፍቅር የሚዘምር ጎረቤት ሲያዩ፣ 'ይህ ሰው ክፉ ነው' አላሉም። ምንም ያልገባው የዋህ ተራኪ ፈጠሩና 'እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው!' አስባሉት። አንባቢው መጀመሪያ ይስቃል። ከዚያ የሳቀው በራሱ ቤት ላይ መሆኑ ሲገባው ያፍራል።"

ይህ ለእኔ ባዕድ አልነበረም። እኛም ሰፈር አሽሙረኛ ሰው ሊሰድብ ሲያስብ ምስጋና ያበዛል። ስለዚህ "ከምታውቁት ቦታ አንድ ገጽ ምጸት ጻፉ" ሲሉን ብዙ አላሰብኩም። የማውቀው ቦታ መጦሪያው ነበር።

በዚያ ወቅት እኛ በምንሠራበት የሕንፃው ክንፍ ሦስት የነበርነው ሠራተኞች ወደ ሁለት፣ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ደግሞ ወደ አንድ ተቀንሰን ነበር። ነዋሪዎቹ እኛን የሚጠሩበት ደወል ቀኑን ሙሉ አያርፍም፤ ከየበሩ በላይ ያለው ቀይ መብራት ቦግ እልም ይላል። ሥራ አስኪያጁ በየሳምንቱ የማረፊያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ይለጥፋል። አንዱ "የሠራተኛ ቅነሳው ለነዋሪዎቻችን የበለጠ ጸጥታ አስገኝቷል" ይል ነበር። እኔም የእሱን አጻጻፍ ወስጄ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"ውድ ባልደረቦች፣ ነዋሪዎቻችን ደወል በመደወል የሚደርስባቸው ድካም ያሳስበናል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በሰዓት ከሦስት ጊዜ በላይ የደወለ ነዋሪ ደወሉ ተነቅሎ ያርፍለታል። ዕረፍት ፍቅር ነው።"

መምህሬ ከፍተኛውን ነጥብ ሰጡኝ። ከሥሩ ግን በእርሳስ "ማን እንደሚያነበው አስብ" ብለው ጽፈውበታል። እኔ ያየሁት ነጥቡን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ዕለት የድርጅቱ አርማ ያለበት ወረቀት ላይ አተምኩትና ከእውነተኞቹ ማስታወቂያዎች መሀል ለጠፍኩት። የከሰዓት ሠራተኞች እስኪያነቡት በጉጉት ጠበቅኩ። አንዷ ከቆርቆሮ የምትበላው የኮክ ፍሬ ትን እስኪላት ድረስ ሳቀች። እኔም በኩራት ወደ ቤቴ ሄድኩ። ወረቀቱን ማንሳት ትዝ አላለኝም።

እሁድ ለከሰዓት ፈረቃ ስመጣ ተራሮቹ በጥቁር ደመና ተሸፍነዋል፤ የመኪና ማቆሚያው ላይ ደረቅ ቅጠል ይሽከረከራል። በሩን ከፍቼ ስገባ የገረመኝ ጸጥታው ነው። ያንን ኮሪደር ያለ ደወል ሰምቼው አላውቅም። አንድም ቀይ መብራት አልበራም። ከጠዋት ጀምሮ ብቻቸውን የነበሩት እትዬ ወርቄ ፎጣ ያጥፋሉ። እትዬ ወርቄ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ ጸሎት ከአፋቸው የማይለይ ሴት ናቸው፤ እንግሊዝኛ ማንበብ የተማሩት በጎልማሳነታቸው ነው።

"ጀማልዬ፣ ዛሬስ ጌታ ጸጥታ ሰጠን" አሉኝ።

"ምን ተገኘ?"

"አዲሱን ማስታወቂያ አላየኸውም? አንጀቴ አልቻለም ነበር። ግን ትእዛዝ ነው፤ ምን ላድርግ? የሚስተር ኦወንን ነቀልኩት፤ እሳቸው ናቸው የሚያበዙት።"

ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ሮጥኩ።

ሚስተር ኦወን ጡረታ የወጡ የባቡር መካኒክ ነበሩ። ብዙ ጊዜ የሚደውሉት ቀልድ ሊነግሩኝ ነው። ያን ዕለት በአልጋውና በመስኮቱ መሀል ወለሉ ላይ ተጋድመው አገኘኋቸው። የምሳ ሰሃናቸው አልተነካም። የተነቀለው የደወል ሽቦ በእጃቸው ነው፤ አውራ ጣታቸው ጫፉ ላይ ያለውን ቁልፍ አሁንም ይጫናል።

"ደወልኩ" አሉኝ በደረቀ ከንፈራቸው። "ደወልኩ እኮ።"

አምቡላንስ ወሰዳቸው። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ እትዬ ወርቄን ቢሮው ጠራቸው፤ እኔም ተከትዬ ገባሁ። የሥራ ፈቃዳቸውን ሊነጠቁ ነው። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

"እኔ ነኝ የጻፍኩት" አልኩ። "ለትምህርት ነው። ቀልድ ነው።"

ቀና ብሎ አየኝ፤ ወረቀቱን ደግሞ አነበበው። ፊቱ ተለዋወጠ። "ቅዳሜ ማታ ስወጣ አይቼው ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ መስሎኝ አለፍኩት።"

ተነስቶ በሩን ዘጋ። "ይሄ ከዚህ ክፍል አይውጣ። ወረቀት የሚባል አልነበረም። እሷ ተሳስታ ነቀለችው። አንተም ሥራህን ትቀጥላለህ።"

እትዬ ወርቄ ንግግሩን ሁሉ አልተከታተሉትም። "ምን አለ?" አሉኝ። በመስኮቱ የመጀመሪያው በረዶ መውረድ ጀምሯል። አልዋሽም፤ አፌን ለመክፈት ዘገየሁ። የቤት ኪራዩን፣ ኮሌጁን፣ ሁሉንም አሰብኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን አጣምረው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። የጻፍኩትንም እሱ ያለውንም አንድ በአንድ በአማርኛ ነገርኳቸው።

"እኔ እኮ የጌታዬን ሰው ነው የበደልኩት" ብለው አለቀሱ። አንድም ጊዜ "አንተ ነህ ያደረግኸው" አላሉኝም፤ ያ ከስድብ በላይ ቆረጠኝ።

መጦሪያዎችን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሆነውን ሁሉ ጽፌ ፈረምኩ። ሥራዬን አጣሁ። እትዬ ወርቄ ክረምቱን ያለ ሥራ ከርመው በመጨረሻ ነጻ ወጡ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ተለቅ ያለ መጦሪያ ተዛወረ አሉ።

ሚስተር ኦወንን ሆስፒታል ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። "አንብብልኝ" አሉ። አነበብኩላቸው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ፈገግ አሉ። ሁለተኛው ላይ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"ጎበዝ ጸሐፊ ነህ" አሉኝ። "ግን እኔን የምታውቀኝ መስሎኝ ነበር።"

ጸደይ ሳይገባ ሞቱ።

ይህን ሁሉ ለሰልማ ስነግራት መጽሐፏን አጥፋ ነበር የምትሰማኝ። ምጸት መጥፎ ነው አላልኳትም። እነዚያ የድሮ ጸሐፊዎች ሳቃቸውን ያነጣጠሩት ባሪያ ሻጩ ላይ ነው። እኔም ያሰብኩት እንደዚያው ነበር፤ ወረቀቱን የለጠፍኩት ግን እንቢ ማለት የማትችል የደከመች ሴት በምታልፍበት ግድግዳ ላይ ነው። እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ሌላም ነገር አለ። ሊሆን የማይችል ክፋት ፈጠርኩ ብዬ ነበር፤ መጦሪያው ግን ሳይደነቅ ተቀበለው።

ሰልማ ቆይታ ጠየቀችኝ፦ "ሃው ሎንግ፣ ዳድ? ሚስተር ኦወን ወለሉ ላይ ምን ያህል ቆዩ?"

"አላውቅም" አልኳት። "የሰማቸው የለም።"