ሐሙስ ሐሙስ የምትሞቅ መኪና

ባለቤቴ የመኪናችን ማሞቂያ ተበላሽቷል ያለኝ የኅዳር ውርጭ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። አሰላ ላይ በኅዳር ማሞቂያ ተበላሸ ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ በተለይ እንደ እኔ ሳይነስ ላለበት ሰው። መኪናዋ ደግሞ አሮጌ ናት። እኛ እጅ ከመግባቷ በፊት ስንት ሰው እጅ እንደዞረች እግዜር ይወቀው፤ በየጊዜው አንድ ነገሯ ይሞታል። ስለዚህ መጀመሪያ አመንኩት።

«እስኪሠራ ድረስ ሐሙስ ሐሙስ አብረሽኝ መውረዱ ይቅርብሽ» አለኝ። «በዚህ ብርድ ትታመሚብኛለሽ።»

እሱ የእንስሳት መድኃኒት ሱቅ አለው፤ ሐሙስ በማለዳ ሁሩታ ላለች ባለሱቅ መድኃኒት ያደርሳል። እኔ አስተማሪ ነኝ። ሐሙስ የማስተምረው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ አብሬው ወርጄ ሽንኩርትና ቲማቲም ገዝቼ እመለስ ነበር። መንገድ ላይ እናወራለን፤ ቤት ውስጥ ለማውራት ጊዜ የለንም። ከሳምንቱ ሁሉ የምወደው ያንን ጉዞ ነበር።

«ታዲያ ለምን አታሠራውም?» ስለው «ዕቃው ጠፋ» አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ስጠይቀው ደግሞ «መካኒኩ ጊዜ አጣ» አለ። ምክንያት ሲለዋወጥ እኔ ጆሮዬ ይቆማል። በተፈጥሮዬ ጠርጣራ ነኝ፤ ፈተና ላይ ተማሪዎቼ ቀና ብለው ጣሪያ ማየት እንኳ ይፈራሉ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለው ተረት ለእኔ ተብሎ የተተረተ ነው።

አንድ ሐሙስ ገና ከመንገድ እንደተመለሰ ሻርፔን ፍለጋ መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። ውስጧ ሞቋል። ውጭ ነፋሱ ፊት ይልጣል፣ ውስጧ ግን የምድጃ ዳር ነው። ፀሐይ ነው እንዳልል ሰማዩ እንደደፈነ ነው የዋለው። ማሞቂያውን ከፈትኩት፤ ትንፍሽ አላለም። ጋቢናው ላይ ያለው ወንበር ወደ ኋላ ተለጥጧል። የአየር መውጫዎቹ ደግሞ፣ በእሱ በኩል ያለው ሳይቀር፣ ወደዚያው ወንበር ዞረዋል። ራሱ እየበረደው ሙቀቱን ሁሉ የሰጠው ለማን ነው? ለእኔ እንዲህ አድርጎልኝ አያውቅም።

ማንን ያልጠረጠርኩት አለ? የሁሩታዋን ባለሱቅ ጠረጠርኩ፤ ጥርሷ ያምራል። ከእሱ ሱቅ አጠገብ ጨርቅ የምትሸጠውን ጠረጠርኩ። ጸሎት ቤት ከፊታችን የምትቀመጠውን ዘማሪ ሳይቀር በክፉ ዓይን አየኋት፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ። ለባለቤቴ ግን ምንም አልተነፈስኩም። ያለ ማስረጃ ብናገር «አንቺ ደግሞ!» ብሎ ስቆ እንደሚያልፈኝ አውቃለሁ።

ቅዳሜ እሱ ሱቅ ሲውል ቁልፉን ይዤ ወጣሁ። የእኛ መካኒክ ወዳጁ ስለሆነ አላመንኩትም፤ ከተማው ዳር ያለ የማላውቀው ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ሞተሩን አስነስቶ እስኪሞቅ ጠበቀ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ ወደ ማሞቂያው የሚገቡትን የውሃ ቱቦዎች በእጁ ጨበጥ ጨበጥ አደረጋቸው።

«ውሃው ይዞራል፣ ሁለቱም ትኩስ ናቸው» አለ። «ማሞቂያዎ ጤነኛ ነው እትዬ። ያልሠራው ማራገቢያው ነው።»

ከመሪው ሥር ጎንበስ ብሎ የፊውዞቹን ሳጥን ከፈተና በስልኩ መብራት አየ። «ሂን ጂሩ» አለ ለራሱ፤ የለም ማለቱ ነው።

«ተቃጥሏል?»

«የተቃጠለማ ቦታው ላይ ይገኛል። ይሄ ሰው ነቅሎት ነው።»

ሌላ ፊውዝ ሲሰካበት ሙቀቱ ፊቴ ላይ መጣ። ስንት ሳምንት የተመኘሁት ሙቀት ነበር፣ አሁን ግን አስጠላኝ። «ንቀለውና እንደነበረ አድርገው» አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝና ነቀለው።

ያን ሳምንት ለባለቤቴ የምለውን ሳጠና ከረምኩ። ወጥ እያማሰልኩ አጠናሁ፣ ደብተር እያረምኩ አጠናሁ። የጥፍር ታህል ፊውዝ ትዳሬን ልታፈርስ ነው እያልኩ ለብቻዬ አለቀስኩ። እሱ እንደ ወትሮው እየቀለደ ራቱን ይበላል፤ ያ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ሐሙስ ማለዳ ቀድሜው ወጥቼ ጋቢና ተቀመጥኩ።

«ዛሬ እኔም ሁሩታ እወርዳለሁ» አልኩት።

በሩን ይዞ ቆመ። «ብርዱስ?»

«እችለዋለሁ።»

ገባ። ከሸሚዝ ኪሱ ፊውዟን አወጣና እያየሁት ጎንበስ ብሎ ሰካት። ሊደብቀኝ እንኳ አልሞከረም። ከግቢ ስንወጣ ደግሞ ቁልቁል ወደ ሁሩታ አልወረደም። ወደ ሳጉሬ ዞረ።

«ማናት?» አልኩ።

«አባትሽ ናቸው።»

አባቴ የሚኖሩት ሳጉሬ ነው። የተጠመቅኩበትን ቤተ ክርስቲያን ትቼ ጴንጤ ሳገባ «ሞቴን እንኳ እንዳትሰሚ» ብለው በር ከዘጉብኝ ወዲህ ዓይናቸውን አላየሁም። ሽማግሌ ልኬ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመው ተመለሱ።

ባለቤቴ መንገዱን እያየ ነገረኝ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ አሰላ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ፣ ደረታቸውን ይዘው መኪና ሲጠብቁ አገኛቸው። ማን እንደሆነ አውቀው ፊታቸውን አዞሩበት። በሩን ከፍቶ ቆመ፤ ሳሉ ሲጠናባቸው ገቡ። ሕመማቸው የሳንባ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ሕክምና አላቸው፣ ብርድ እንዳይነካቸው ተብሏል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያመላልሳቸው እሱ ነው። ግን አስምለውታል። እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ፣ ካወቀች መኪናህ ውስጥ ዳግመኛ አልገባም ብለውታል።

«የሁሩታውስ መድኃኒት?»

«ረቡዕ በሚኒባስ እልከዋለሁ።»

እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ሴት ብትሆን የምለውን አውቅ ነበር፣ ለዚህ ግን ቃል አላዘጋጀሁም። አባቴ በየሳምንቱ ሰፈሬ ድረስ እየመጡ ሲመለሱ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እከትፋለሁ።

«ቢሞቱ ኖሮስ?» አልኩት። «ያኔ ምን ልትለኝ ነበር፣ ማሞቂያው ተበላሽቷል?»

«ምን ላድርግ፣ ምለሽ ስጪኝ ቢሉሽ አንቺስ?» አለ። ቆይቶ ደግሞ «ዛሬ ካዩሽ ላይገቡ ይችላሉ» አለኝ።

ይሄኔ ንዴቴ ፍርሃት ሆነ። እኔን ሽሽት ሕክምናቸውን ቢያቋርጡስ? ልውረድ አልኩት። ግራ ቀኙ የገብስ ማሳ ነው፤ የት ትወርጃለሽ አለኝ።

ሳጉሬ ስንደርስ ወደ ኋላ ወንበር ተዛወርኩ። አባቴ ኩታቸውን ተከናንበው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ደጃቸው ላይ ቆመዋል። አንሰዋል፤ ሰውነታቸው ልብሱ ውስጥ ጠፍቷል። በሩን ሊከፍቱ ሲሉ በመስታወቱ አዩኝ፣ እጃቸውም እጀታው ላይ ቀረ። ባለቤቴ አልለመናቸውም። እኔም ንቅንቅ ብል የሚሄዱ መስሎኝ ትንፋሼን ያዝኩ። ውርጩ ሣሩ ላይ ገና አልቀለጠም። ሳል ያዛቸውና በሩን ይዘው ጎንበስ አሉ፤ ሲለቃቸው ገብተው ዘጉት። ወደ ኋላ አላዩም።

ወደ አሰላ መመለስ ጀመርን። ሙቀቱ የሚነፍሰው ወደ እሳቸው ነው፤ እኔ ጋ የሚደርሰው ጥቂት ስለሆነ እግሬ ደንዝዟል።

«ይሄን ነገር ቀንሰው» አሉት ባለቤቴን።

«ይበርድዎታል አባባ።»

«ቀንሰው አልኩህ። እሷ ሙቀት አይስማማትም፣ ነስር አለባት።»

የልጅነት ነስሬን ነው የሚሉት። ፀሐይ በነካኝ ቁጥር ደሜ ሲወርድ፣ ግንባሬ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱ ጭንቅላቴን ይዘው የሚቆሙት እሳቸው ነበሩ። ባለቤቴ ማሞቂያውን ቀነሰው። ወዲያው ሳላቸው ተነሳ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

«አባባ» አልኩ። «ነስሩ ትቶኛል። እርስዎ ይሙቅዎት።»

ሳላቸው እስኪያቆም ጠበቅሁ። ከዚያ ወንበሩን ተደግፈው በግድ ዞሩና ፊቴን አዩት።

«መቼ ነው የተወሽ?» አሉኝ።