ክፍሉ ተይዟል

ቀሐ ወንዝ አጠገብ ባለው ቤቴ ሦስት ክፍል ለእንግዳ አከራያለሁ። ባሌ ካረፈ፣ ልጆቼም በየሥራቸው ከተበተኑ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶኝ የጀመርኩት ነገር ነው። ለጥምቀት ሰሞን ሰው ከወራት በፊት ደውሎ ይይዛል። እኔ ደግሞ አንድ ሕግ አለኝ፤ የበዓል ሳምንት የያዘ እንግዳ ቀን አያሳጥርም። ስንቱን ሰበብ ሰምቻለሁ መሰላችሁ! አንዱ አልጋው ወገቤን ጎዳኝ ይላል፤ አንዷ የጎረቤት ዶሮ ሳይነጋ እየጮኸ አስቸገረኝ ትላለች። ታዲያ የጎረቤቴን ዶሮ እኔ ሄጄ ዝም በል ልበለው? ምላሴ አያርፍም፤ ሆስፒታል ነርስ ሳለሁም ሐኪሞቹ ሳይቀሩ ይጠነቀቁኝ ነበር።

ያን ዓመት ከአዲስ አበባ ወጣት ባልና ሚስት መጡ። የያዙት ለስምንት ቀን ነው። ሚስቲቱ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ለምን እንደመጣች ነገረችኝ። እናቷ ታማ አልጋ ላይ ከዋለች ከርማለች።

«ከጥምቀተ ባሕሩ ውኃ አምጪልኝ ብላኛለች፣ እማማ። በእጄ ቀድቼ በእጄ ነው የማጠጣት» አለችኝ።

ወደድኳት። እንደ እኔ ለፍላፊ ናት። በየማለዳው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ትወርድና ውኃው ምን ያህል እንደሞላ አይታ መጥታ ታወራኛለች። «ዛሬ ደግሞ ሁለት ደረጃ ዋጠ!» ትለኛለች፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ሳየው እንዳልኖርኩ ሁሉ።

ለከተራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ባልየው ብቻውን መጣ።

«እማማ፣ ዛሬ መሄዳችን ነው። ቀኑን ቢያሳጥሩልን» አለኝ።

«ምነው?»

«ሥራ ተጠራሁ።»

«ለጥምቀት ማን ነው ሥራ የሚጠራህ? ልጄ፣ ስትዋሽ እንኳ ትንሽ አስበህ ዋሽ እንጂ!»

ሳቄን ሳልጨርስ ፊቱን አየሁት። እንባው ይወርዳል። አማቱ ሊነጋ ሲል አርፋለች። እኔ በዚያ ሰዓት የት ልግባ? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቀብሩ በማግስቱ ነው። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ደውሎ «እንዳትነግራት፤ እቤት ስትደርስ ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳታል» ብሎታል። ወጋችን ይኸው ነው፤ ሰው መርዶ በስልክ አይሰማም፣ በሰው አገርም አይረዳም። ነገር ግን ልጅቱ ውኃውን ሳትቀዳ ንቅንቅ አትልም። ባሏ እንሂድ ብሎ ቢወተውታት ደግሞ ትጠረጥራለች። ካልሄዱ እናቷን ሳትቀብር መቅረቷ ነው።

«ተወው፣ በእኔ ይሁን» አልኩት።

አዎ፣ ሐሳቡ የእኔ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም። በነርስነቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለበሽተኛ ቤተሰብ «ትንሽ ደከም ብሎታል» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ያውም ነፍሱ ስለወጣ ሰው። እንዲህ ያለውን ውሸት እችልበታለሁ።

ቁርሳቸውን እንደጨረሱ ገባሁና «ልጄ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ተሳስቼ ክፍላችሁን ለሌላ ሰው ሰጥቼዋለሁ። ዛሬ ይገባሉ» አልኳት።

መጀመሪያ ሳቀች፤ የቀለድኩባት መስሏት ነው። ፊቴን ስታየው ግን ሳቋ ቆመ። «ሳሎንዎ ምንጣፍ ላይ እንተኛለን» አለች። አይሆንም አልኩ። «ጓዳም ቢሆን እንተኛለን።» አይሆንም። «ምነው እማማ፣ ምን አጠፋሁ?» ስትለኝ አንጀቴን በላችው።

«ክፍሉ ተይዟል አልኩሽ፣ ተይዟል!» ብዬ ጮኽኩባት።

ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ በየሆቴሉ ትደውል ጀመር። ሞልቷል ባሏት ቁጥር እኔና ባሏ በልባችን ተመስገን እንላለን። አዘዞ ያለ አንድ ፔንሲዮን ግን ክፍል አለ አላት። ብድግ አለች! «ኧረ እዚያስ ሰው አያድርም፣ ቁንጫው አያስተኛም» አልኩ። ቤቱን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ባልየውም ከእኔ ጋር ሆኖ «ለዛሬ ማታ በረራ ቦታ አለ፣ ዘንድሮስ ይቅርብን» አላት። ከሁለታችን ጋር ስትሟገት ቆይታ ደከማትና ሻንጣዋን አወጣች።

«እስቲ ለእማዬ ባዶ እጄን መምጣቴን ልንገራት» ብላ ደወለች። ያነሳችው አክስቷ ናት። ጥቂት አውርታ ዘጋችው። ከዚያ ወደ እኛ ስትዞር ፊቷ በርቷል።

«ተኝታለች አሉኝ። ስንት ቀን ዓይኗን ሳትከድን ከርማ፣ ዛሬ እንኳ እንቅልፍ ወሰዳት! እንዳትቀሰቅሷት አልኳቸው።»

ባልየው ሻንጣውን ሊዘጋ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። አሁንስ ልንገራት ብዬ እስከ በሩ ድረስ ሄድኩ፤ ተመለስኩ። ሌሎቹ ሁለት ክፍሎች እንግዳ ሞልቶባቸዋል፤ ልጆች ግቢው ውስጥ ይሯሯጣሉ። ለእሷው ብዬ ነው፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር እንዳትሆን ነው እያልኩ ራሴን አሳመንኩ።

ታክሲው ሲመጣ ልስማት ብጠጋ ፊቷን አዞረችብኝ።

«እግዜር ይይልዎ» አለችኝና ገባች።

ጥምቀት አለፈ። ታቦቱን ሸኝቼ ቤቴ ገባሁ፤ እንደ ወትሮው የበዓል ደስታ ግን አልነበረኝም።

የእናትየዋ አርባ ካለፈ በኋላ ልጅቱ ደወለችልኝ። ድምፅዋን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ልታመሰግነኝ ነው ብዬ «ምን አደረግሁና» የሚለውን መልስ ሁሉ አዘጋጅቻለሁ።

«ባለቤቴ ሁሉን ነግሮኛል። ቀብሯ ላይ ደርሻለሁ፣ እርስዎ ነዎት ያደረሱኝ» አለች።

«ተመስገን፣ ልጄ።»

«ግን እማማ፣ እስከ ቤታችን በር ድረስ እርስዎን ስራገም ነው የሄድኩት። እናቴ ሞታ፣ እኔ አውሮፕላን ውስጥ ስለ አንድ ክፍል ስናደድ። በሩ ላይ ድንኳን አየሁ፤ ወዲያው ሰው ተረባርቦ ያዘኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ወጥቶልኝ አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ በቃሽ፣ በቃሽ ነው የሚለኝ። ያ መንገድ የእኔና የእናቴ ነበር። እርስዎ ያውቁ ነበር። ለምን አልነገሩኝም?»

ለዚህ መልስ ሞልቶኛል። ወጉ ነው ልላት እችላለሁ። ወንድምሽ ነው ያዘዘው ማለትም ያስኬዳል። አፌን ከፈትኩና የወጣው ሌላ ሆነ።

«ጩኸትሽን ፈርቼ ነው» አልኳት። «በዓል ነበር፣ ቤቴ ሰው ነበረበት። እዚያ ብትጮኺ ምን እንደማደርግሽ አላውቅም። ሆስፒታልም ሳለሁ የምፈራው ይህንኑ ነበር። ለሰው የማዝን ይመስለኝ ነበር።»

 ስልኩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ተለውጧል።

«የት ነሽ?»

«መኪና ውስጥ። ብቻዬን ነኝ።»

«ጊዜ አለሽ?»

«አለኝ።»

«በይ እንግዲህ አልቅሺ፣ ልጄ።»

መጀመሪያ እንደ ሳል ነበር፤ ኋላ እናቷን በስሟ እየጠራች ጮኸች። እኔ ሳሎኑ መሐል ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆሜአለሁ። ክንዴ ዛለ፤ እጅ አልቀየርኩም። በቃሽ አላልኳትም። አይዞሽም አላልኳትም።