ድምፅ ለቃሚዋ

አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት አሮጊት ሻሻቸውን ከአንድ ጆሯቸው ላይ ገለጥ አድርገው፣ ተሳፋሪ ባወራ ቁጥር ከንፈራቸውን አብረው ያንቀሳቅሳሉ። በሬዲዮ ድራማ አርባ ዓመት እንደተወኑ ነገሩኝ።

«የት ተማሩት፣ እማማ?»

«ምን ትምህርት አለ፣ ልጄ! ስልክ አገናኝ ሳለሁ ሰው ሲዋሽ ሰማሁ። ሆስፒታል ካርድ ክፍል ስሠራ ሲፈራ ሰማሁ። አስከሬን ክፍል ጥበቃ ሆኜ ደግሞ ይሄን…»

ከጉሮሯቸው የጎረምሳ ልቅሶ ወጣ።

«ያኔ ገብቶብኝ እስካሁን አልወጣም» አሉ፣ ፈገግ ብለው።

መውረጃቸው ሲደርስ ተነሱ። «ወራጅ አለ!» ብሎ ከአፋቸው የወጣው ድምፅ ግን የእኔ ነበር፤ ቁርጥ የእኔ። ከእኔ የሰሙት ያችን አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበር።

እሳቸው ወርደው ሄዱ። ረዳቱ በሩን እንደያዘ እኔ ላይ አፈጠጠ።

«ምን ይጎልትሻል፣ እህቴ? ውረጂ እንጂ!»